መቆየት ሌላ፣ መመለስ ሌላ

በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ "ስለ ውጭ ትምህርት ትንሽ ንገረን" ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ስኮላርሺፕ ማውራት ነበር። ግን በሻይ ሰዓት ሦስት የባቼ ልጆች ለየብቻ ጠጋ ብለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ልጄ አሜሪካ ለጉብኝት ሄዳ እዚያው ተማሪ መሆን ትችላለች ወይ?" ስለዚህ ያዘጋጀሁትን ወረቀት ኪሴ ከትቼ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

አምስት ኪሎ ሳለን "ስታተስ" ማለት ሴሚስተር ሲያልቅ ልባችንን የሚያስመታ ቃል ነበር። ዋርኒንግ ነው ወይስ አለፍን? አሜሪካ ስገባ ያው ቃል ቀድሞኝ ደርሶ ጠበቀኝ። እዚያ ስታተስ ማለት "በምን ፈቃድ ነው እዚህ አገር ያለኸው?" ማለት ነው።

እንደ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 2014 መጨረሻ ላይ ቨርጂኒያ ያለችውን ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ቢ-2 በሚባለው የጎብኚ ቪዛ ገባሁ። ስድስት ወር ሰጡኝ። ስሄድ የመማር ሐሳብ አልነበረኝም፤ የመመለሻ ቲኬቴም ተቆርጦ ነበር። "እስቲ አመልክት፣ ምን ትከስራለህ?" ያለኝ የእህቴ ባል ነው። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ አመለከትኩ። የግቢያችን ትራንስክሪፕት አላሳፈረኝም፤ ተቀበሉኝ። የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለ በባንክ ወረቀት አሳየን፤ ዩኒቨርሲቲውም አይ-20 የተባለውን ቅጽ ሰጠኝ።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው አይ-20ውን ይዤ አዲስ አበባ መመለስና ኤፍ-1 ለሚባለው የተማሪ ቪዛ ኤምባሲ መቅረብ። ሁለተኛው ከአሜሪካ ሳልወጣ፣ አይ-539 በሚባል ቅጽ "ጎብኚነቴን ወደ ተማሪነት ቀይሩልኝ" ብሎ ማመልከት። ኤምባሲው ቢከለክለኝስ ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛውን መረጥኩ። ለሴቪስ 200 ዶላር፣ ለማመልከቻው 290 ዶላር ከፍዬ (አሁን ሁለቱም ጨምረዋል) ኤፕሪል ላይ በፖስታ ላክሁ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ጎብኚ መሥራት አይችልም። ለውጡ እስኪፈቀድለትም ድረስ የተቀበሉትን ትምህርት መጀመር አይችልም። አንድ የማውቀው ልጅ "ተቀብለውኛል፣ ከፍያለሁ" ብሎ መልስ ሳይመጣ ክፍል ገባ። "ስታተስህን ጥሰሃል" ተብሎ ተከለከለ። እኔ ይህን ስለሰማሁ የእህቴን ልጆች ትምህርት ቤት እያደረስኩ፣ የፖስታ ሳጥን እየከፈትኩ ሰነበትኩ።

ጁላይ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን፣ ገና ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሆን፣ በር ተንኳኳ። ስከፍት የእህቴ የማኅበር ሰዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አባታችን አርፎ፣ ተቀብሮም ነበር።

እህቴ ዜግነት ስላላት በማግስቱ በረረች። እኔም ቢያንስ ለአርባው ልድረስ ብዬ ሻንጣዬን አወጣሁ። ከመነሳቴ በፊት ግን ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ደወልኩ። ሴትዮዋ አጽናናችኝና እውነቱን ነገረችኝ። ማመልከቻው ሳይወሰን ከአገር ከወጣሁ እንደተውኩት ይቆጠራል። መሄድ እችላለሁ፣ ማንም አይከለክለኝም። ለመማር የምመለሰው ግን አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ የተማሪ ቪዛ ከሰጠኝ ነው።

ቀረሁ። ለቅሶ የተቀመጥኩት በእህቴ ሳሎን፣ በማላውቃቸው ደግ ሰዎች መካከል ነው። የፈቃዱ ደብዳቤ የመጣው ከ19 ቀን በኋላ ነበር።

ሁሉም "እንኳን ደስ አለህ፣ አለቀ!" አለኝ። እኔም ያለቀ መስሎኝ እናቴን "ገናን አብሬሽ ነኝ" አልኳት። ቲኬት ልቆርጥ ስል ያችው ሴትዮ ሁለተኛውን ትምህርት ሰጠችኝ፦ የተሰጠኝ ስታተስ እንጂ ቪዛ አይደለም። ስታተስ ውስጥ ላለ ሰው የመቆየት ፈቃድ ነው፤ ቪዛ ከውጭ ለመግባት ነው። ከወጣሁ ያው የሸሸሁት የኤምባሲ መስኮት ይጠብቀኛል።

ለእናቴ በስልክ ይህን ማስረዳት አቃተኝ። "ፈቅደውልህ የለም እንዴ? ታዲያ መንገዱን ማን ዘጋው?" አለችኝ። ዝም አልኩ።

እንደኔ ስታተስ ከቀየሩ ሁለት የክፍሌ ልጆች አንደኛው አገሩ ሄዶ ቪዛውን አግኝቶ ተመለሰ። ሌላው ተከልክሎ ዕቃው አብሮት ይኖር በነበረው ልጅ እጅ ቀረ። እኔ አልደፈርኩም። ማስተርሴን ጨረስኩ፤ ከዚያ 12 ወር የሥራ ልምምድ፣ ለምህንድስና ተመራቂ የሚፈቀደው ተጨማሪ 24 ወር፣ በዚያ መሀል መሥሪያ ቤቴ ያስፈቀደልኝ ኤች-1ቢ። ቪዛውን እዚህ አስመትቼ አባቴ መቃብር ላይ የቆምኩት ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ነው።

ልክ ነበርኩ ወይ? አይ-20ው እጄ ሲገባ አባቴ ገና በእግሩ ቤተ ክርስቲያን ይሄድ ነበር። ያኔ ተመልሼ ቢሆን የመጨረሻዎቹን ወራት አብሬው እሆን ነበር። ወይም ቪዛ ተከልክዬ ስለ ማስተርሴ የማወራው አይኖርም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ስመርጥ ፍርሃቴን ሰማሁ እንጂ ዋጋውን አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ መልሴ፣ አዎ፣ ይቻላል። ግን ለመማር ያሰበች ልጅ ኤምባሲ ላይ "ለጉብኝት ነው" አትበል፤ እንዲህ ያለ ውሸት ዕድሜ ልክ ሊከተላት ይችላል። የተሰጣት ጊዜ ሳያልቅ ታመልክት። ድሮ ትምህርቱ ሊጀመር 30 ቀን እስኪቀር ድረስ ጎብኚነትን ደጋግሞ ማራዘም ግድ ነበር፤ ከጁላይ 2021 ወዲህ ይህ ቀርቷል። ሌላው ግን እንዳለ ነው፦ ሳይፈቀድ ክፍል መግባት የለም፣ መሥራት የለም፣ ወጥቶ መመለስ የለም። ደንብ ደግሞ ይለዋወጣልና "እኔ እጨርስልሃለሁ" የሚል ሰው ከመያዝ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮና ፈቃድ ያለው ጠበቃ ጠይቁ።

ከሁሉ በፊት ግን ልጃችሁን ይህን ጠይቋት፦ "መልስ እየጠበቅሽ ሳለ ከቤት ቢደወል ምን ታደርጊያለሽ?" አስባበት ከሄደች፣ የትኛውንም ብትመርጥ ዋጋውን አውቃ ነው።

እናቴ ዛሬ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣለች። እማዬ፣ "መንገዱን ማን ዘጋው?" ብለሽኝ ነበር። ሙሉውን መልስ ስነግርሽ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።