ጉበትን ሳይወጉ ስለ መመርመር
(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድር የቆመው ለቀብር ነው። ሰው ሳይሞት መመካከርም የእድር ሥራ ነውና ዛሬ ስለ ጉበት ጥቂት እናገራለሁ።

ጥርስ ሲበሰብስ ሌሊቱን ያስጮኻል፤ ጉበት ግን ለብዙ ዓመት እየተጎዳ ዝም ይላል። የሚጎዱትም የታወቁ ናቸው፤ ይኸውም ቢ እና ሲ የተባሉት የጉበት ቫይረሶች፣ የአልኮል መጠጥ፣ በጉበት ውስጥ የሚከማች ስብ ናቸው። ቁስል በቆዳችን ላይ ጠባሳ እንደሚተው ሁሉ ጉበትም ሲጎዳ ጠባሳ ያበጃል። ጠባሳው ሲበዛ ጉበቱ ይደድራል፤ ሲሮሲስ የሚባለው ይህ ነው። ሆድ ውኃ ሲቋጥር፣ ደም ሲያስታውክ ግን ብዙ ጊዜ መሽቷል።

ታዲያ ጠባሳው የት እንደ ደረሰ በምን ይታወቃል? ለረጅም ዘመን ዋናው መንገድ በጎድን መካከል መርፌ አስገብቶ ከጉበቱ ቅንጣት መውሰድ ነበር። ዛሬም ይሠራበታል፤ ግን ያማል፣ አልፎ አልፎም ያደማል። የሚወሰደው ከጉበቱ ከ50,000 አንድ እጅ ገደማ ነው። ጠባሳው ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ከጆንያ ጤፍ አንድ ቆንጠር አድርጎ ስለ ጆንያው ሁሉ እንደ መፍረድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ አገር፣ በሚኒሶታ፣ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች የማግኔት ኤላስቶግራፊ የሚባል ዘዴ አሳተሙ። በኋላ ለጉበት ዋለ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ታማሚው ለጥቂት ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ መጥቶ ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ በጀርባው ይተኛል። በቀኝ ጎድኑ ላይ ትንሽ ከበሮ የመሰለ ነገር ይታሰርለታል። እርሱም በቱቦ በሚመጣ አየር በሴኮንድ 60 ጊዜ ይርገበገባል። ንዝረቱ በጉበቱ ውስጥ እንደ ውኃ ሞገድ ያልፋል፤ በለስላሳው ዝግ ይላል፣ በደደረው ይፈጥናል። ታማሚው ትንፋሹን ሲይዝ መሣሪያው ሞገዱን ያነሣና የጉበቱን ጥንካሬ በኪሎፓስካል ያሰላል። ከ2.5 በታች ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ከ5 በላይ ሲሮሲስን ያመለክታል። ቢላዋ የለም፣ የራጅ ጨረርም የለም። ሐኪም ሆድ ተጭኖ በእጁ የሚገምተውን መሣሪያው በቁጥር አደረገው ማለት ነው።

ሁሉን ያውቃል ግን አይባልም። ብረት የተጠራቀመበት ጉበት ያስቸግረዋል፤ የጠባሳውንም ምክንያት ሁልጊዜ አይናገርም። ያን ጊዜ መርፌው ያስፈልጋል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ለአገራችን ይበልጥ የቀረበው በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ፋይብሮስካን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ሲጀመር የታማሚዎች ጉበት የተለካው በእርሱ ነበር።

ይህን ሁሉ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። «የወፍ በሽታ ነው» እያለ ቅጠል ሲጠጣ የሚከርመው፣ «ሐኪም ቤት ብሄድ ይወጉኛል» ብሎ የሚቀረው ጎረቤታችን ብዙ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ እኮ ጥቂት ደም ብቻ ነው። ቫይረሱ በመድኃኒት ሲገታ፣ መጠጡ ሲተው፣ ገና ያልከፋ ጠባሳ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ፍርሃት ምክንያት አይሁነን። ወጣ ብለን እንመርመር፤ የእድራችን ድንኳን ከዕቃ ቤት ቶሎ ቶሎ ባይወጣ ለሁላችንም ደስታ ነው።