የሲሪያል መስመርን ከኔትወርክ ማገናኘት፦ የጌትዌይ ሞድ ምርጫና የዘገየ መልስ አደጋ



ዛሬ የምናገረው በአንድ ወገኑ የአር ኤስ 485 ሽቦዎች፣ በሌላው ወገን የኢተርኔት ገመድ ስለሚገቡበት አንድ ትንሽ ሣጥን ነው። ኢንዱስትሪያል ጌትዌይ እንለዋለን። ሞዲኮን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ሞድበስን ሲያወጣ ያሰበው ለሲሪያል ሽቦ ነበር። ዛሬም ብዙ የኃይል ቆጣሪዎች፣ የፓምፕ መቆጣጠሪያዎችና የግፊት መለኪያዎች በዚሁ ፕሮቶኮል ይሠራሉ፤ ውጤታቸው የሚነበበው ግን በኔትወርክ ላይ ከተቀመጠ ኮምፒዩተር ነው።

የጌትዌዩን የማዋቀሪያ ገጽ ስትከፍቱ ባውድ ሬት፣ ፓሪቲና ስቶፕ ቢት ትጠየቃላችሁ። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ባውድ ሬቱ ከመሣሪያው ጋር ካልተስማማ መልስ አይመጣም፣ ችግሩም ወዲያው ይታወቃል። እኔን የሚያሳስበኝ «ሞድ» የሚለው ምርጫ ነው፤ እዚያ የተሠራ ስሕተት ለወራት ሳይታይ ሊቆይ ይችላልና።

በዝርዝሩ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቲ ሲ ፒ ሰርቨር፣ ቲ ሲ ፒ ክላየንት፣ ዩ ዲ ፒ እና ሞድበስ ጌትዌይ የሚሉትን ታገኛላችሁ። ሰርቨር ሌላው እስኪደውልለት ይጠብቃል፤ ክላየንት ራሱ ይደውላል፤ ዩ ዲ ፒ ግንኙነት ሳይመሠርት ይልካል። ሦስቱም የሚያስተላልፉትን አያነቡም፤ ከሽቦው የመጣውን ባይት እንዳለ ጠቅልለው ያሳልፋሉ። አራተኛው ግን የአር ቲ ዩውን ፍሬም ፈትቶ በሞድበስ ቲ ሲ ፒ መልክ እንደገና ያዘጋጀዋል፤ በተለምዶም በፖርት 502 ያቀርበዋል።

የልዩነቱን ክብደት ለማየት የአንድን ንባብ መልስ እንመርምር። በአር ቲ ዩ መልስ ውስጥ የመሣሪያው አድራሻ፣ የተግባር ኮዱ፣ የባይት ብዛቱ፣ የተነበቡት ዋጋዎችና ሲ አር ሲ አሉ። የተጠየቀው ሬጅስተር ቁጥር ግን የለም። ጠያቂው መልሱ የምን እንደሆነ የሚያውቀው የመጨረሻውን ጥያቄ በማስታወስ ብቻ ነው። መልስ በሚሊሰከንዶች ውስጥ በሚደርስበት አጭር ሽቦ ላይ ይህ ይበቃል።

አሁን በመካከል ኔትወርክ እናስገባ። ኮምፒዩተሩ በግልጽ ማስተላለፊያ ሞድ የአንድን ፓምፕ ግፊት ከሬጅስተር 100 ጠየቀ እንበል፤ የመጠበቂያ ጊዜው 1 ሰከንድ ነው። መስመሩ በሞባይል ኔትወርክ ስለሚያልፍ መልሱ 1.2 ሰከንድ ፈጀ። ኮምፒዩተሩ መጠበቁን ትቶ ከዚያው መሣሪያ ሙቀቱን ከሬጅስተር 200 ይጠይቃል። በዚህ ቅጽበት የዘገየው የግፊት መልስ ይደርሳል። አድራሻው ትክክል ነው፤ የተግባር ኮዱም ርዝመቱም ያው ነው፤ ሲ አር ሲው አንዲት ቢት አልተዛነፈም። ግፊቱ በሙቀት ቦታ ይመዘገባል፤ ተከታዮቹ መልሶችም በአንድ ደረጃ እየተንሸራተቱ ሊቀጥሉ ይችላሉ። ማስጠንቀቂያ አይሰማም። ተረኛው ኦፕሬተር ፓምፑን የሚያቆመው ወይም የሚተወው ይህን ቁጥር አይቶ ነው።

ሲ አር ሲ ቢቶቹ በመንገድ እንዳልተበላሹ ይመሰክራል፤ ለየትኛው ጥያቄ እንደተላኩ ለመመስከር አልተሠራም። ሞድበስ ቲ ሲ ፒ ባለው 7 ባይት ራስጌ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 2 ባይት የጥያቄው መለያ ቁጥር ናቸው። መልሱ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይመለሳል፤ ኮምፒዩተሩም የማይገጥመውን መጣል ይችላል። ስለዚህ መሣሪያዎቹ ሞድበስ የሚናገሩ ከሆነ አራተኛውን ሞድ ምረጡ እላለሁ። ግልጽ ማስተላለፊያ ቀላል ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ የራሱ ፕሮቶኮል ላለው አሮጌ ሚዛን እኔም እርሱን እመርጣለሁ።

የመጠበቂያ ጊዜዎቹም መመዛዘን አለባቸው። በ9600 ባውድ 10 ሬጅስተሮችን ለማንበብ ጥያቄው 8፣ መልሱ 25 ባይት ነው፤ ለእያንዳንዱ ባይት 11 ቢት ብንቆጥር 33ቱ በሽቦው ላይ 38 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳሉ። መሣሪያው መልሱን የሚያዘጋጅበትን ጊዜ ጨምሩ። ጌትዌዩ 300 ሚሊሰከንድ ጠብቆ አንድ ጊዜ ደግሞ የሚሞክር ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ከ600 ሚሊሰከንድ በላይ፣ የኔትወርኩን መዘግየት ጨምሮ፣ መታገሥ አለበት። ብዙ ጠያቂዎች ካሉ ጌትዌዩ ያሰልፋቸዋል፤ ወረፋውም ይቆጠራል።

በላቦራቶሪ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በሁለት ሬጅስተሮች ውስጥ 1111 እና 2222 አስገቡ፤ በየተራ እየጠየቃችሁ መልሱን ሆን ብላችሁ አዘግዩ፤ ከዚያ በሁለቱም ሞዶች የትኛው ቁጥር የት እንደተመዘገበ ተመልከቱ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።