ግራዝማችና ቀኛዝማች ባሜሪካ

(ከሲያትል በስተ ሰሜን በምትገኘው በማውንትሌክ ቴራስ በተደረገው የተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ስለ አሜሪካኖች የፖለቲካ አስተሳሰብ ዐይነትና ስፋት ጥቂት እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎን ነበር። ፓርቲው ሁለት ነው፤ አንዱ ቀኝ ነው፥ አንዱ ግራ ነው፤ ይህንኑ በሩብ ሰዓት ተናግረን ወደ ሻያችን እንመለሳለን ብለን ነበር። ሐሳባችንን ያፈረሱብን አንድ ሽማግሌ ናቸው።

እኒህ አባት የዚሁ ከተማ ነዋሪ ናቸው። ዜግነት ከያዙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ባለፈው የከተማ ምርጫ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ሲደርሳቸው፥ «እናንተ የተማራችሁ ልጆች ናችሁ፤ ኑና አንብቡልኝ» ብለው ጠሩን። ሄድን። ለምክር ቤቱ አባልነት የተወዳደሩትን ሰዎች ስም አነበብንላቸው። «ከነዚህ ውስጥ የኛ ፓርቲ የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ወረቀቱ ላይ ግን የፓርቲ ስም የለም፤ በዋሽንግተን ስቴት የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ያለ ፓርቲ ስም የሚደረግ ነውና። «ጋሼ፥ ፓርቲያቸው አልተጻፈም» ብንላቸው፥ «ታዲያ ሰውየው ምን እንደሚያስብ በምን ይታወቃል?» አሉን። ከመካከላችን ሁለቱ የፖለቲካ ሳይንስ የሚያጠኑ ሲሆኑ፥ ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ ቶሎ አላገኘንም። የዛሬው ንግግራችን ለሳቸው ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። በቋንቋችን ቀኝና ግራ እኩል ሆነው አያውቁም። ማልዶ የሚወጣ ሰው «ቀኝ አውለኝ» ይላል፤ ነገር የጠፋበት ሰው ደግሞ «ግራ ገባኝ» ይላል። በጦር ሰፈር ግን ቀኛዝማችም ግራዝማችም ያንድ ጌታ ሹማምንት ነበሩ፤ አንዱ በቀኝ፥ አንዱ በግራ ይሰለፋል እንጂ የሚጠብቁት ድንኳን አንድ ነው። ፖለቲካን በቀኝና በግራ መክፈል በፈረንሳይ የ1789 ጉባኤ ተጀምሮ ወደኛ በሰፊው የገባው በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ነው። እንደ ገባም ግራ ማለት እውነት፥ ቀኝ ማለት ክሕደት ሆነ። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በ1971 በሎስ አንጀለስ ጉባኤው ለሁለት ሲከፈል፥ ሁለቱም ወገኖች ግራ ነን ባዮች ነበሩ። ይህን የምናነሣው የቀደሙንን ለመውቀስ አይደለም፤ የያዝነውን መለኪያ የወረስነው ከነሱ ስለ ሆነ ነው።

ይህንን መለኪያ ይዘን አሜሪካኖችን ስንለካ ገና ከቃሉ እንሳሳታለን። «ሊበራል» የሚለውን ውሰዱ። እዚህ አገር ሊበራል ማለት መንግሥት ለድኻው ይድረስ፥ ግለሰቡም በግል ኑሮው ነፃ ይሁን የሚል ሰው ነው። በአውሮፓ በብዙ ቦታ ሊበራል የሚባለው ገበያው ይለቀቅ የሚለው ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ በኢሕአዴግ ዘመን «ኒዮ ሊበራል» የስድብ ቃል ሆኖ ከረመ። ስለዚህ ካገር ቤት አዲስ የመጣ ተማሪ ሬጋንንም ኦባማንም ባንድ ስም ሲጠራ ይሰማል። «ወግ አጥባቂ» የምንለውም እንዲሁ ነው። በዚህ ቃል ለኛ የሚታየን ርስቱንና ማዕርጉን የሚጠብቅ ባላባት ነው፤ ያሜሪካው ወግ አጥባቂ ግን እጠብቀዋለሁ የሚለው ወግ ራሱ፥ ለንጉሥ አልገዛም ተብሎ በ1776 የታወጀ ዐመፅ ነው። ቀለሙ እንኳ ተገልብጦብናል። ከ2000 ምርጫ ወዲህ ቀይ የሪፐብሊካኖች ቀለም ሆኖ ቀርቷል። እኒያ ሽማግሌ ግን የቀይ ሽብርን ዘመን በወጣትነታቸው ያዩ ስለ ሆኑ፥ በቴሌቪዥን ካርታው ሲቀላ «ኮሙኒስቶቹ አሸነፉ እንዴ?» ብለው እንደ ጠየቁ ልጃቸው አጫውታናለች።

ሉዊስ ሃርትዝ የተባለው የሃርቫርድ መምህር በ1955 ባሳተመው መጽሐፍ፥ አሜሪካ ያውሮፓ ዐይነት የባላባት ሥርዓት ያልነበረባት አገር ስለ ሆነች፥ ቀኙም ግራውም ባንድ እምነት ላይ፥ ይኸውም በግለሰብ መብት፥ በንብረትና በሕገ መንግሥት ላይ የቆሙ ናቸው ሲል አስረዳ። በኛ አነጋገር ግራዝማችና ቀኛዝማች ናቸው ማለቱ ነው። ሐሳቡ ብዙ እውነት አለው። ነገር ግን የባርነትን ታሪክ ያነበበ ሰው ሙሉ በሙሉ ሊቀበለው ያስቸግረዋል፤ በጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ሕዝብ የምክር ቤቱን ሕንፃ ሰብሮ ሲገባ ያየ ሰውም እንዲሁ።

የምንኖርበት አውራጃም የራሱ ምስክርነት አለው። የስኖሆሚሽ አውራጃ ዋና ከተማ ኤቨሬት ከዚህ ሩቅ አይደለችም። በኖቬምበር 5 ቀን 1916 «የዓለም ኢንዱስትሪ ሠራተኞች» የሚባለው ማኅበር አባሎች ከሲያትል በመርከብ መጥተው ኤቨሬት ወደብ ላይ ሊወርዱ ሲሉ፥ ከሸሪፉና ካስከተላቸው ሰዎች ጋር ተኩስ ተከፍቶ ቢያንስ ሰባት ሰዎች ሞቱ። በፌብሩዋሪ 1919 ከ60,000 በላይ የሲያትል ሠራተኞች ሥራ አቁመው ከተማዋን ለአምስት ቀን ጸጥ አሰኟት። በ1948 ደግሞ የካንዌል ኮሚቴ የሚባለው የስቴቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ኮሙኒስቶችን ፍለጋ ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዘለቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሦስት መምህራን ተባረሩ። በ1968 በዚያው ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት የፕሬዚዳንቱን ቢሮ ያዘ፤ ብላክ ፓንተር ፓርቲም ከካሊፎርኒያ ውጭ ካቋቋማቸው ቅርንጫፎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱን በዚያው ዓመት በሲያትል ከፈተ። እንግዲህ አብዮተኛውም፥ አብዮተኛውን አሳዳጁም ያንድ አካባቢ ልጆች ናቸው።

ማውንትሌክ ቴራስ ራሷ የተቆረቆረችው ከ1949 ጀምሮ ሁለት ቤት ሠሪዎች አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ገዝተው፥ ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው አነስተኛ የብሎኬት ቤቶች በሠሩበት ጊዜ ነው፤ በ1954 የከተማ መብት አገኘች። ለተመላሽ ወታደር መንግሥት በ1944 ሕግ የቤት ብድር ዋስ ይሆን ነበር። በዚህ ሰፈር «መንግሥት እጁን ከኑሯችን ያውጣ» የሚል ጽሑፍ ከመኪናው ኋላ የለጠፈ ሰው እናያለን። እኛም በልባችን እንስቃለን። ነገር ግን የመንግሥትን ስኮላርሺፕ እየበሉ መንግሥትን መርገም ለኛ ለተማሪዎች እንግዳ ነገር አይደለምና መሳቁን ብናቆም ይሻላል።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። የፒው የጥናት ማዕከል ከ10,000 በላይ ሰዎች ጠይቆ በ2021 ባወጣው ጥናት ያሜሪካንን ሕዝብ በሁለት ሳይሆን በዘጠኝ ክፍል መድቦታል። በቀኙ በኩል ሃይማኖትንና ሰንደቅ ዓላማን ከሁሉ የሚያስቀድሙት 10 ከመቶ ናቸው። ንግድ ይስፋፋ፥ መንግሥት ይነስ የሚሉት የቀድሞው ዐይነት ወግ አጥባቂዎች 7 ከመቶ ብቻ ናቸው። ሕዝባዊ ቀኝ የተባሉት 11 ከመቶዎቹ ደግሞ የስደተኛን መብዛት አጥብቀው የሚቃወሙ ሲሆኑ ትልልቅ ኩባንያዎችንም አያምኑም፤ ብዙዎቹም ባለጸጋው ግብር ይጨመርበት ይላሉ። ይህን ቃል ከስሙ ለይታችሁ ብታነቡት የየትኛው ወገን ነው ትሉት ነበር? በግራው በኩል ተራማጅ የተባሉት 6 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ነጮችና ከፍተኛ ትምህርት የቀመሱ ናቸው። የዴሞክራቶቹ ትልቁ ክፍል፥ ማለት 16 ከመቶው፥ ብዙ ጥቁሮች ያሉበት፥ ሃይማኖቱን የሚያከብርና በብዙ ነገር መካከለኛ የሆነ ሕዝብ ነው። 15 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ኑሮ የከበዳቸውና ፖለቲካን እምብዛም የማይከታተሉ ናቸው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እናምናለን። እኛ የምንውለው በዩኒቨርሲቲ ግቢ፥ በነዚያ 6 ከመቶዎች መካከል ነው። አሜሪካኖች ሁሉ እነሱ ይመስሉናል፤ ለአገር ቤት ወዳጆቻችን የምንጽፈውም ይህንኑ ነው። ሌሊት ታክሲ የሚነዳው ወንድማችን በሳምንት የሚያነጋግረው ያሜሪካኖች ዐይነት እኛ ባመት ከምናገኘው ይበልጣል።

ከዚህም የሚያስገርመው ያንድ ሕዝብ ድምፅ ራሱ ባንድ መስመር አለመሄዱ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ከ1984 ወዲህ እስከ 2024 ድረስ ለፕሬዚዳንትነት ሪፐብሊካን አልመረጠም፤ ስለዚህ የግራ አገር ይባላል። በ2012 መራጩ የአንድ ፆታ ጋብቻንና ማሪዋናን ፈቀደ። ይኸው መራጭ ግን ከሁለት ዓመት በፊት፥ በ2010፥ በባለጸጎች ገቢ ላይ ግብር ይጣል የሚለውን ሐሳብ 64 ከመቶ በሚሆን ድምፅ ጥሎት ነበር። ደግሞ በ2024 አክሲዮን ሸጦ ከሚገኝ ትልቅ ትርፍ ላይ የሚከፈለው ግብር ይሰረዝ ሲባል እንቢ አለ፤ በዚያችው ወረቀት ላይ የቤት ጋዝ እንዳይነካ የሚለውን የወግ አጥባቂዎች ሐሳብ ተቀበለ። በ2016 በዴሞክራቶች ካውከስ፥ ማለት ሰው ተሰብስቦ በሚመርጥበት ስብሰባ፥ ሶሻሊስት ነኝ የሚሉት በርኒ ሳንደርስ 73 ከመቶ ገደማ አገኙ፤ ከሁለት ወር በኋላ ዴሞክራቶቹ በፖስታ በሰጡት ድምፅ ግን ሂላሪ ክሊንተን በለጡ። ሕዝቡ በሁለት ወር አልተለወጠም፤ ቅዳሜ ቀን ስብሰባ ለመዋል ጊዜ ያለው ሰውና ማታ ከሥራ መጥቶ በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የሚመርጠው ሰው ይለያያሉ።

በፓርቲ መመዝገብ እንኳ በዚህ ስቴት የለም። ከ2008 ጀምሮ ዕጩው የሚደግፈውን ፓርቲ ስም እንደ ወደደ ያስጽፋል፤ በዚያው ዓመት ለአገረ ገዥነት ከተወዳደሩት አንዱ «የደስታ ፓርቲ» ብሎ አስጽፎ ነበር። አልተመረጠም።

ይህ ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎ እንዳይታያችሁ ስለ ወገኖቻችን እንናገር። በኖቬምበር 2013 አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት በሲታክ ከተማ የሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 15 ዶላር ይሁን የሚለው ሐሳብ በ77 ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈ። ሻንጣ ከሚያነሡት፥ መኪና ከሚያከራዩትና ከሚያጸዱት ሠራተኞች ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን፥ ሶማሌዎችና ኤርትራውያን ነበሩ። በዚያው ምርጫ በሲያትል ክሻማ ሳዋንት የተባለች በግልጽ ሶሻሊስት የሆነች ሴት ለምክር ቤት ተመረጠች፤ በጁን 2014 የሲያትል ምክር ቤት 15 ዶላሩን አጸደቀ። ሠራተኛው እልል አለ። ምግብ ቤትና ሱቅ ካላቸው ስደተኞች ግን ብዙዎቹ «አራት ሠራተኛ ያለው ሰውና የቡና ኩባንያ እንዴት እኩል ይታያሉ?» እያሉ ሰጉ። ሁለቱም ወገኖች እሑድ ባንድ ቤተ ክርስቲያን ይቆማሉ፤ ዓርብ ባንድ መስጊድ ይሰግዳሉ። በዚህ ነገር አንዱን ተራማጅ፥ አንዱን አድኃሪ ብሎ መፈረጅ ለኛ ቀላል ነበር፤ አንዳንዶቻችንም አድርገነዋል፤ ምሳችንን ግን የምንበላው በዚያው «አድኃሪ» ቤት ነበር፥ ያውም በዱቤ።

ትልቁን ዋጋ ያስከፈለን ግን ሌላ ነው። በኦክቶበር 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፆች የሕዳሴውን ግድብ ያፈነዱታል ብለው ሲናገሩ፥ ከመካከላችን ብዙዎቹ «ሪፐብሊካኖች ጠላቶቻችን፥ ዴሞክራቶች ወዳጆቻችን» ብለው ደመደሙ። ዓመት ሳይሞላ፥ በሴፕቴምበር 2021፥ ፕሬዚዳንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ማዕቀብ የሚያስችል ትእዛዝ ፈረሙ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። የትናንቱ ወዳጅ ጠላት ተባለ፤ የትናንቱ ጠላት ተናፈቀ። በጦርነቱ የተጎዱ የትግራይ ወገኖቻችን ደግሞ ያንኑ ትእዛዝ በተስፋ ተቀበሉት። ባንድ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በየሰልፋችን ያንዱን ፓርቲ ስም እያነሣን፥ አንዱን ፓርቲ እየረገምን ተላለፍን። ያሜሪካው ፓርቲ ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ስለኛ የተለየ ርዕዮተ ዓለም የለውም፤ የራሱን ጥቅምና የራሱን መራጭ ይዞ ይሄዳል። ወላጆቻችንንና እኛን ያመጡንን ሕጎች ብትመለከቱ፥ የ1980ውን የስደተኞች ሕግ የፈረሙት ዴሞክራቱ ካርተር ናቸው፤ የዲቪን ዕጣ የፈጠረውን የ1990ውን ሕግ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ ቡሽ አባትየው ናቸው። ስንቶቻችን በየትኛው ፊርማ እንደ ገባን ብንጠየቅ እጃችን ለሁለት ይከፈል ነበር።

ወደ ሽማግሌው እንመለስ። እኒህ አባት የሠራተኛ ማኅበር አባል ነበሩ፤ ደመወዝ ይጨመር ይላሉ። ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ፤ በትዳርና በልጅ አስተዳደግ ነገር ከማናቸውም ወግ አጥባቂ አይተናነሱም። የእኅታቸው ልጆች እንዲመጡ ይፈልጋሉ፤ የቤት ግብር ሲነሣ ግን ይቆጣሉ። ከዘጠኙ ክፍል በየትኛው እናስገባቸው? ሞክረን ነበር፤ እርስ በርሳችን ተጣላን እንጂ አልተስማማንም።

በመጨረሻ ያደረግነው ይህ ነው። በፖስታ የሚላከውን የመራጮች መጽሔት አወጣን፤ ዕጩዎቹ ስለ ራሳቸው የጻፉትን ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስንላቸው። አንዱ ስለ ቤት ኪራይ ጽፏል፤ አንዷ ስለ እግረኛ መንገድና ስለ ፖሊስ ጽፋለች። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። «ይህን መጀመሪያውኑ ብታነቡልኝ ፓርቲውን ባልጠየቅኋችሁ ነበር» አሉን። ከዚያም እኛን ከክፍሉ አስወጥተው ብቻቸውን መረጡ፤ ፖስታውን ራሳቸው አሽገው ፈረሙና እስከ ሳጥኑ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። ማንን እንደ መረጡ አልነገሩንም።

ለሚቀጥለው ምርጫ መጽሔቱን የሚተረጉሙ አራት ሰዎች ያስፈልጉናል፤ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን በሩ አጠገብ ባለው ወረቀት ላይ ጻፉልን። የቀረውን በጥያቄው ሰዓት እንነጋገርበታለን።