በጎማ ስለሚቀዳ ውኃ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የሳይንስ ክበብ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንድ ተራ ነገር ልናገር በፊታችሁ ቆሜአለሁ። ሾፌር ከበርሜል ቤንዚን በጎማ ሲቀዳ ያላየ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ቤንዚን መርዝ ስለ ሆነ በአፍ መሳቡ አደገኛ ነው፤ ነገሩ ግን ያስደንቃል። አንድ ጊዜ ከተሳበ በኋላ ማንም ሳይገፋው ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ አሠራር ሳይፎን ይባላል።

በክፍላችን የተሰጠን ጥያቄ እንዲህ የሚል ነበር። ከበርሜል ውኃ በጎማ ይቀዳል፤ የጎማው ጕብጠት ከውኃው ገጽ 0.55 ሜትር ከፍ ይላል፤ ውኃው የሚፈስበት አፍ ደግሞ ከገጹ 1.25 ሜትር ዝቅ ይላል። ውኃው በምን ፍጥነት ይወጣል?

እኔም ውኃው የሚወድቀው ከጕብጠቱ ነው ብዬ ሁለቱን ደመርሁና 1.80 ሜትር አልሁ። መልሴ በሰከንድ 5.94 ሜትር ሆነ። መምህራችን ወረቀቱን አይተው፥ «ወደ ጕብጠቱ የወጣበትን ኃይል ከየት አገኘው?» ቢሉኝ የምመልሰው አጣሁ።

የስዊስ ሊቅ ዳንኤል ቤርኑሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1738 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ጉዳይ መርምሮታል። ሰበቃ ከሌለ፥ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ግፊት፥ ከፍታና ፍጥነት እርስ በርሳቸው ይለዋወጣሉ እንጂ ድምሩ አይጐድልም። በበርሜሉ ገጽም ሆነ በጎማው አፍ ያለው የአየር ግፊት አንድ ነው፤ የበርሜሉ ገጽም የሚወርደው እጅግ በዝግታ ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚሆነው የሁለቱ የከፍታ ልዩነት፥ ማለት 1.25 ሜትር ብቻ ነው። 2 በ9.8፥ ደግሞም በ1.25 ሲባዛ 24.5 ይሆናል፤ የዚህም ሥር 4.95 ነው። ትክክለኛው መልስ በሰከንድ 4.95 ሜትር ነው።

ጕብጠቱ ግን ከንቱ አይደለም። እዚያ ላይ የውኃው ግፊት ይቀንሳል፤ ከልክ በላይ ከፍ ካለ ውኃው ይበጠስና መፍሰሱን ያቆማል። በባሕር ጠረፍ የአየር ግፊት ሊሸከመው የሚችለው ውኃ 10.3 ሜትር ያህል ቁመት አለው። ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ቁመቱ ከ8 ሜትር በታች ነው። ቍጥሩን እንዳለ ከመጽሐፍ የገለበጠ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ይህን ካወቅሁ በኋላ በቤቴ ልሞክረው ተነሣሁ። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። እናቴ ወገቧን እያመማት ከላይኛው ጓሮ በርሜል እስከ ማድ ቤቱ ባልዲ ትሸከማለች። «እማዬ፥ ከእንግዲህ አትሸከሚም፤ 20 ሊትሩ ባልዲ በ13 ሰከንድ ይሞላልሻል» አልኋት። ውስጡ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ፥ 6 ሜትር የሚረዝም ጎማ ዘርግቼ ብለካው 38 ሰከንድ ፈጀ። ቀመሩ የጎማውን ግድግዳ ሰበቃ አላሰበምና። ቢሆንም እናቴ መረቀችኝ።

ማታ የጎማውን አፍ በጨርቅ ወትፌ ተኛሁ። ሌሊት ጨርቁ ወልቆ ኖሮ፥ ጠዋት ብነሣ 200 ሊትሩ በርሜል ባዶ ነው። ተራችን የሚደርሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። እናቴ ምንም አላለችኝም፤ ጀሪካኗን አንሥታ ወደ ጎረቤት ሄደች። ከቍጣ ይልቅ ያ ዝምታዋ አንገቴን አስደፋኝ።

ያን ቀን ሒሳቤን እንደ ገና ተመለከትሁት። በቀመሩ ውስጥ «በቃ» የሚል ቃል የለም፤ ሳይፎን የውስጡ ጫፍ አየር እስኪያገኝ ድረስ ይቀዳል። ደግሞም የውስጡ ጫፍ የተነከረበት ጥልቀት በቀመሩ ውስጥ የለም። እንግዲያስ ጫፉን ከበርሜሉ ወገብ ላይ ባስረው ፍጥነቱ አይጐዳም፤ ቢረሳም እንኳ ግማሹ ውኃ ይተርፋል። እንዲሁ አደረግሁ። ቀድተን ስንጨርስም አፉን አንወትፍም፤ ከውኃው ገጽ በላይ አንሥተን እንሰቅለዋለን እንጂ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በፈተና ወረቀት ላይ የተሳሳትሁት ነጥብ አስቀነሰብኝ፤ በቤት የተሳሳትሁት ግን እናቴን አደከመ። ስለዚህ የተማርነውን ወደ ቤታችን ስንወስድ፥ «መልሱ ስንት ነው?» ከማለት አልፈን፥ «ብሳሳት የሚጐዳው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ እላለሁ። እናቴ ዛሬ በመካከላችሁ ተቀምጣለች፤ ባልዲውንም ከተሸከመች ወራት አልፈዋል።