አሮጌውን ኮምፒዩተር አትጣሉት፦ ሊኑክስ ሚንትን መጫንና ለቤታችን ማመቻቸት
(ለወላጆችና ለወጣቶች በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቢቱዋህ ሌኡሚ ወይም ስለ ማሽካንታ አይደለም። በየቤታችን ጥግ ጨርቅ ለብሶ ስለተቀመጠው አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርቱ በዙም በሆነ ጊዜ፣ ሦስትና አራት ልጆች በአንድ ስልክ ተራ እየጠበቁ የተማሩባቸውን ቤቶች ሁላችንም እናውቃለን። ከእነዚያ ቤቶች አንዳንዶቹ ኮምፒዩተር ነበራቸው፤ ነገር ግን «አርጅቷል፣ አይሠራም» ተብሎ ተቀምጦ ነበር።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን የተለመደ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ አዲስ ዓይነት የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ብዙ ደኅና ኮምፒዩተሮችን አይቀበልም። ከእናቶቻችን አንዷ ኮምፒዩተራቸውን ወደ አንድ ሱቅ ቢወስዱ «ይህ መሐሼቭ ሞቷል» ተባሉና አዲስ በ36 ታሽሉሚም ገዝተው ተመለሱ። የሞተው ኮምፒዩተር ዛሬ በእኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል።

ምን አድርገንለት ነው ዳነ? ስርዓተ ክወናውን፣ በዕብራይስጥ ማዓሬኼት ሃፍዓላ የምንለውን፣ ለወጥንለት። ሊኑክስ የተባለውን ልብ፣ ማለትም የስርዓቱን አስኳል፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከየአገሩ ሠርተውበታል። በዚህ አስኳል ላይ ከተሠሩት ብዙ ስርዓቶች መካከል እኛ የምንጭነው ከ2006 ጀምሮ የሚወጣውን ሊኑክስ ሚንትን ነው፤ መልኩ ዊንዶውስን ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። «ነፃ» ሲባል ብዙ ሰዎች «የማይከፈልበት» ብቻ ይመስላቸዋል። ዕብራይስጥ እዚህ ላይ ከአማርኛችን ይልቅ ይለያል፤ ሒናም ሌላ፣ ሆፍሺ ሌላ ነው። ሊኑክስ ሚንት ሁለቱንም ነው፦ አይከፈልበትም፣ ደግሞም ማንም ከፍቶ ሊያየው፣ ሊለውጠውና ለጎረቤቱ ሊያካፍለው ይፈቀድለታል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር እንናገር፤ ይህንንም የምንለው ከራሳችን ስሕተት ተምረን ነው። ሥራውን በጀመርን ሰሞን አንድ ቤተሰብ ኮምፒዩተር አመጣልን። ልጁ «ውስጡ ምንም የለም፣ የልጆች ጨዋታ ብቻ ነው» አለን። እኛም አምነን «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን መረጥን። ከሦስት ቀን በኋላ አባትየው መጡ። ለካስ ሟች አባታቸው፣ በጎንደር ቄስ የነበሩት፣ ጸሎት ሲያደርሱ በካሴት የተቀዳውን ድምፅ አንድ ዘመድ ወደ ኮምፒዩተሩ አዛውሮላቸው ኖሯል። ካሴቱ ከጠፋ ቆይቷል። ዲስኩን ለባለሙያ ሰጥተን ከፊሉ ብቻ ተመለሰ። ሰውየው አልተቆጡንም፤ «እናንተም ልጆቻችን ናችሁ» ብለው ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ቁጣ ቢሆን ይሻለን ነበር።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይህ ነው፦ ልጁን ሳይሆን የኮምፒዩተሩን ባለቤት ራሳቸውን፣ በአማርኛ፣ «በውስጡ ፎቶግራፍ አለ? ድምፅ አለ? የትውልድ ማስረጃ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ያለውን ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ እንገለብጣለን፤ የገለበጥነውን በሌላ ኮምፒዩተር ከፍተን እናያለን፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እንነካለን። ልጆቻችን በየሚስራዱ አስተርጓሚ ሆነው እንደሚያገለግሉን እናውቃለን፤ እንዲህ ባለው ነገር ግን የልጅ ቃል አይበቃም።

አሁን ወደ አጫጫኑ እንሂድ። አንድ ዲስክ ኦን ኪ ያስፈልጋል፤ 4 ጊጋባይት ይበቃል፣ 8 ቢሆን ይመረጣል። በላዩ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ። ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ላይ 3 ጊጋባይት ገደማ የሚሆነውን ፋይል አውርዳችሁ፣ ሩፉስ ወይም ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ወደ ዲስክ ኦን ኪው ትጽፉታላችሁ። ፋይሉን ዝም ብሎ መገልበጥ አይሠራም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሚንት በሦስት ዓይነት ይወጣል፤ ሲናሞን፣ ማቴና ኤክስኤፍሲኢ። ኮምፒዩተሩ ደካማ ከሆነ የመጨረሻው ይሻላል። በጽሑፍ የሚጠየቀው 2 ጊጋባይት ማስታወሻ ነው፤ እንደ እኛ አስተያየት ግን ዛሬ ኢንተርኔት ለሚከፍት ሰው ከ4 በታች መከራ ነው። ገንዘብ ካላችሁ አሮጌውን የሚሽከረከር ዲስክ አውጥታችሁ ኤስኤስዲ አስገቡበት፤ ከማናቸውም ምክር ይልቅ ይህ ኮምፒዩተሩን ያፈጥነዋል።

ዲስክ ኦን ኪውን ሰክታችሁ ስታበሩ፣ ከየት እንደሚነሣ የሚጠይቀውን ዝርዝር ለማግኘት በዴልና በሌኖቮ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12ን፣ በኤችፒ ኤፍ 9ን ደጋግሞ መንካት ነው። ከዚያ ሚንት ሳይጫን ከዲስክ ኦን ኪው ላይ ይከፈታል። አትቸኩሉ። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን ሞክሩ። ዋይፋዩ ካልታየ ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝታችሁ ኢንተርኔት አካፍሉት፤ ከተጫነ በኋላ «ድራይቨር ማኔጀር» የጎደለውን ይፈልግላችኋል። ደግሞም ዓርብ ከሰዓት በኋላ አትጀምሩ። መጫኑ ራሱ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ችግር ከተነሣ ግን ሰንበት ይገባባችኋል።

ዊንዶውስን ጎን ለጎን ማስቀረት የሚፈልግ ሰው ይችላል። ነገር ግን አስቀድሞ ቢትሎከር የሚባለው ቁልፍ መኖር አለመኖሩን ይመልከት፤ ካለም የማዳኛ ቁጥሩን በወረቀት ይጻፍ።

በመጫን ጊዜ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ቋንቋ ሲጠይቅ እኛ ዕብራይስጥ ወይም እንግሊዝኛ እንመርጣለን፤ የአማርኛው ትርጉም ያልተሟላ ስለሆነ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ሆኖ ሰውን ያደናግራል። የመልቲሚዲያ ኮዴክ የሚለውን ሣጥን ምልክት አድርጉበት፣ ቪዲዮ እንዲከፈት ነው። የፊደል ሰሌዳውን ግን እንግሊዝኛ አድርጉት። ዕብራይስጥ ካደረጋችሁት የይለፍ ቃሉ በዕብራይስጥ ፊደል ይጻፍና፣ በማግሥቱ ሰሌዳው ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ «ስሕተት ነው» እያለ ያባርራችኋል። በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለት ኮምፒዩተሮች ተመልሰው መጥተውልናል።

ከተጫነ በኋላ ስርዓቱን አድሱ፤ ቀጥሎም ታይምሺፍት የሚባለውን አስነሡ። እርሱ የስርዓቱን መልክ ስለሚያስቀምጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ወደ ትናንት ይመልሳል። የእናንተን ፎቶግራፎች ግን በተለመደው አሠራሩ አያስቀምጥም፤ እነርሱን ለብቻ ገልብጡ።

አሁን ደስ የሚለንን እንናገር፤ ፊደላችንን። የቀደሙት የአማርኛ ጽሑፎች እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተጻፉ ነበሩ፤ እያንዳንዱም የራሱ አቀማመጥ ስለነበረው በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆኑ ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ይህ ችግር ለአዲስ ጽሑፍ የለም። በሚንት ውስጥ ከፕሮግራሞች ማከማቻው አይባስን፣ ከእርሱም ጋር ኤም 17 ኤን የተባለውን ጨምሩ፤ በመጻፊያ ዘዴዎች ቅንብር ውስጥ አማርኛን፣ «ሴራ» የሚለውን ምረጡ፤ ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ግቡ። አጻጻፉ በድምፅ ነው። የእንግሊዝኛውን ኤስ ብቻ ብትመቱ ስ፣ ዩን ብታስከትሉ ሱ፣ ኤይን ብታስከትሉ ሳ ይወጣል፤ ሴን ለማግኘት ኢውን በትልቁ ትጽፋላችሁ። ልጆች በአንድ ሰዓት ይለምዱታል። አንዲት የ60 ዓመት እናታችን በሁለት ሳምንት ለምደው ለእህታቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የልጅ ልጃቸው ነበረች የምትጽፍላቸው፣ እርሷ ፊት ደግሞ የማይባል ነገር አለ። መልከ ፊደሉ ካልታየ ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ጨምሩ።

አማርኛና ዕብራይስጥ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ፣ እንደ ራሳችን ጋዜጣ፣ አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ይሄዳል። በሊብረኦፊስ ውስጥ የቋንቋ ቅንብሩን ከፍታችሁ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች የሚሰጠውን ድጋፍ አብሩ፤ ከዚያ የአንቀጹን አቅጣጫ የሚለውጡ ሁለት ምልክቶች ከላይ ይታያሉ። ለእያንዳንዱ አንቀጽ የየራሱን አቅጣጫ ስጡት እንጂ ቃላቱን በባዶ ቦታ እየገፋችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ።

ለሽማግሌዎች ስናዘጋጅ የጽሑፉን መጠን እናሳድጋለን፣ የማያስፈልገውን ከፊት እናነሣለን፣ አራት ምልክቶች ብቻ እንተዋለን፤ ስማቸውንም በአማርኛ እንጽፋለን፦ «ኢንተርኔት»፣ «ፎቶግራፍ»፣ «ደብዳቤ»፣ «ኩፓት ሆሊም»። የመጨረሻው ቀጥታ የሐኪም ቀጠሮ ወደሚያዝበት ገጽ ይወስዳል።

የማይሆነውንም መደበቅ አይገባም። የማይክሮሶፍት ኦፊስ ፕሮግራሞች በዚህ ላይ እንዳሉ አይጫኑም፤ በኢንተርኔት በኩል ወይም በሊብረኦፊስ መሥራት ነው። አንዳንድ የልጆች ጨዋታዎችም አይሠሩም፤ ልጆቻችሁ በዚህ ሊያኮርፉ ይችላሉ። ዙም ግን ይሠራል፣ በኢንተርኔት መቃኛ የሚከፈተው የትምህርት ቤት ሥራም ይከፈታል።

ኮምፒዩተር የምታመጡ ሰዎች የኤሌክትሪክ ገመዱን አትርሱ፤ ባለፈው ጊዜ ሦስት ላፕቶፖች ያለ ገመድ መጥተው ከነጨርቃቸው ተመልሰዋል። የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፋችሁ ለእኛ ሳይሆን ለራሳችሁ ያዙት። በውስጡ የአባቶች ድምፅ ያለበትን ደግሞ መጀመሪያ ንገሩን፤ እርሱን ከሁሉ በፊት እንገለብጠዋለን።