የስልክ ቁጥር የማን ነው? ድርጅት የሚቀይር ደንበኛ ቁጥሩን ይዞ ስለ መሄድ መብቱ

(ለማኅበራችን አባሎች በሮቤ ከተማ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ላይ ላዩን ሲያዩት ጥቃቅን የሚመስል፣ ሲመረምሩት ግን ሥሩ ጠልቆ የሚገኝ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ የስልክ ደንበኛ አገልግሎት ሰጪውን ድርጅት ትቶ ወደ ሌላው ሲሄድ የለመደውን ቁጥር ይዞ የመሄድ መብት አለው ወይ? የቀድሞው ድርጅት «ቁጥሩን አልለቅም» ቢለውስ ምን ያደርጋል? የሚለው ነው። ጥያቄው በአዲስ አበባ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚነሳ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በሮቤና በጎባ፣ በዲንሾና በአጋርፋ ለሚኖረው ሕዝብ ይበልጥ የሚከብድ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ቁጥር የቦታ ስም በነበረበት ዘመን

ጥያቄው በአገራችን ለረጅም ጊዜ ያልተነሳበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ እስከ 2014 ዓ.ም. መገባደጃ ድረስ፣ ስሙና አወቃቀሩ በየጊዜው ቢለዋወጥም፣ ለሕዝቡ የስልክ አገልግሎት የሚሰጠው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። የሚገባበት ሌላ ቤት ለሌለው ተከራይ፣ ዕቃውን ይዞ የመውጣት መብት ቢሰጠው ምን ይጠቅመዋል?

ከዚህም ሌላ በቋሚው መስመር ዘመን ቁጥሩ የሰው ስም ሳይሆን የቦታ ስም ነበር። መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የቁጥር አሰጣጥ የየአካባቢው መለያ ሦስት አሃዝ ሲሆን፣ የሮቤ ቋሚ ስልኮች 022 665፣ የጎባዎቹ ደግሞ 022 661 ብለው የሚጀምሩ ሆኑ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ሱቁን ከጎባ ወደ ሮቤ ያዛወረ ነጋዴ ሚዛኑንና መደርደሪያውን ጭኖ ሲሄድ ቁጥሩን ትቶ መሄድ ነበረበት። በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም፤ ሽቦው ከየከተማው የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነበርና።

በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲጀምር ይህ ምክንያት ማክተም ጀመረ። ቁጥሩ ከግድግዳ ወርዶ ኪስ ውስጥ ገባ፤ ከቦታም ተላቆ የሰው መጠሪያ ሆነ። ደንበኛው ከሮቤ ጎባ ቢሄድ፣ ሳነቴን አቋርጦ ዶሎ መና ቢዘልቅ፣ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። እንግዲህ ከአገር አገር አብሮ የሚሄድ ቁጥር ከድርጅት ወደ ድርጅት አልሄድም የሚልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከቁጥሩ ጋር የሚጠፋው ነገር

በሲናናና በአጋርፋ ሜዳ ስንዴ የሚሰበስበውን ነጋዴ እንውሰድ። ቁጥሩ በመጋዘኑ በር ላይ ተጽፏል፤ የአዳማ ዱቄት ፋብሪካ ገዢዎች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮችና ደላሎች ይዘውታል። መኸር ሲደርስ ኮምባይነር የሚያከራየው ሰው የሚፈለገው በዚያው ቁጥር ነው፤ እህሉ ደርሶ ዝናብ ሲያስፈራራ የአንድ ቀን መዘግየት ምን እንደሚያደርስ ባሌ ለሚኖር ሰው አይነገረውም። በዲንሾ እንግዳ እየመራ ወደ ተራራው የሚወጣው ወጣት ቁጥሩን የሰጠው ምናልባት ከዓመት በኋላ ለሚመለስ ወይም ለወዳጁ ለሚነግር መንገደኛ ነው። በጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ቀጠሮ የተሰጠው የሩቅ ወረዳ ታካሚም የሚገኘው ካርዱ ላይ በተመዘገበው ቁጥር ነው። እነዚህ ሁሉ ቁጥራቸውን ቢለውጡ፣ ለሚያውቋቸው ሁሉ ዞረው ሊነግሩ አይችሉም፤ ማን እንደሚፈልጋቸው ራሳቸውም አያውቁትምና።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቴሌብር አገልግሎት ከጀመረ በኋላ፣ ነገሩ ከመፈለግና ከመገኘት አልፏል። የስልክ ቁጥር የገንዘብ መያዣ ቁልፍ ሆኗል። ባንኮችም የሒሳብ መልእክታቸውንና የምስጢር ቁጥራቸውን የሚልኩት በስልክ ነው። በኢንተርኔት የሚነጋገሩባቸው ቴሌግራምና ዋትስአፕም የሚከፈቱት በስልክ ቁጥር ነው። በዚህ ላይ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ባለቤቱ የተወው ቁጥር ለዘላለም ተዘግቶ አይቀርም፤ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣል። ያን ጊዜ የእኛ መልእክት ወደማናውቀው ሰው እጅ ይገባል። አበው «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ፤ የስልክ ቁጥር ግን ባለቤቱ በሕይወት እያለ ለሌላ ሊሰጥበት የሚችል ስም ነው።

ሁለት ድርጅት፣ ሁለት ሲም ካርድ

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ፈቃድ የተሰጠው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሙከራውን ጀመረ፤ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ከፈተ። የኢትዮ ቴሌኮም ተንቀሳቃሽ ቁጥሮች በ09 ሲጀምሩ የአዲሱ ድርጅት በ07 እንዲጀምሩ ተደረገ። ቁጥር ይዞ የመሻገር አገልግሎት ግን ከውድድሩ ጋር አብሮ አልተጀመረም። ስለዚህ ወደ አዲሱ መሄድ የፈለገ ሰው አዲስ ቁጥር ማውጣት ነበረበት።

ሕዝባችን ዘዴ አያጣምና ብዙው ሰው ሁለት ሲም ካርድ በሚይዝ ስልክ ችግሩን አለፈው። ከዚህም ተነስተው «ሁለቱንም መያዝ ከተቻለ መብቱ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በመጀመሪያ፣ አሮጌውን ቁጥር ላለማጣት ብቻ ካርድ እየሞላ የሚኖር ሰው ድርጅቱን መርጦ አልቆየም፤ ታስሮ ቀርቷል። ሁለተኛ፣ ደዋዮቹ የሚያውቁት አሮጌውን ቁጥር ስለሆነ፣ ያ መረብ በደከመበት ቦታ ሁለተኛው ሲም ካርድ አያገለግለውም። በባሌ ደጋ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በዚህ ተራራማ አገር፣ በአንዱ ሸለቆ የአንደኛው ድርጅት ማማ ሲደርስ የሌላው ላይደርስ ይችላል። ሰው ድርጅቱን መምረጥ የሚገባው በቀዬው በሚያገኘው አገልግሎት እንጂ ቁጥሩን አጣለሁ በሚል ፍርሃት አይደለም።

ባለቤትና ባለአደራ

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ሲያቋቁም የአገሪቱን የስልክ ቁጥሮች የማስተዳደር ሥልጣን ሰጥቶታል። ከዚህ የምንረዳው ቁጥር የአገር ሀብት መሆኑን ነው። ባለሥልጣኑ ለድርጅቱ ይሰጣል፤ ድርጅቱም ለደንበኛው ያድላል። በመሆኑም ድርጅቱ ባለአደራ እንጂ ባለንብረት አይደለም። ደንበኛውም ቢሆን ቁጥሩን እንደ ከብቱ አይሸጠውም፤ የመገልገል መብት ግን አለው። ይህንንም መብት ያዳበረው የራሱ ሥራና መታወቅ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ሌሎች ሕጎች ያግዙናል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ዕቃና አገልግሎት መርጦ የመግዛት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በሩ ክፍት ሆኖ የሚወጣው ሰው ስሙን ደጃፉ ላይ ጥሎ እንዲሄድ ከተገደደ፣ መምረጥ አለ ለማለት ያስቸግራል። እንዲሁም በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የተተካው የንግድ ሕግ የንግድ መደብር ማለት ግዙፍ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን፣ ደንበኛ የሚስበው ዝናና የንግድ ስምም የመደብሩ ክፍል መሆናቸውን አስተምሮናል። የስልክ ቁጥር በስም ባይጠቀስም፣ ለሮቤው የእህል ነጋዴ የሚያገለግለው ልክ እንደ ንግድ ስሙ ነው።

«አልለቅም» የሚባልባቸው ምክንያቶች

የሌሎች አገሮች ልምድ እንደሚያሳየው እንቢታ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይነገርም፤ «ዕዳ አለብህ»፣ «ውልህ አላለቀም»፣ «ስምህ በትክክል አልተመዘገበም»፣ «ሲስተም የለም» እየተባለ ይዘገያል። በአሜሪካ ቁጥር ይዞ የመሻገር ግዴታ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ የተጣለ ሲሆን፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ተንቀሳቃሽ ስልኮች ተስፋፋ። በኢንተርኔት አማካይነት የስልክ አገልግሎት የሚሰጡ ኩባንያዎች ሲበዙ ደግሞ «እኛ የስልክ ድርጅት አይደለንም» የሚለው ክርክር ተነሳ። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑም በ2007 እ.ኤ.አ. ግዴታው እነርሱንም እንዲመለከት ወሰነ። በዚያ የሚኖረው በርካታ ወገናችንም በዚህ ደንብ ይጠቀማል።

በእኛ አገር በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ይከለክል ስለ ነበር፣ ያ አዋጅ እስከ ተሻረ ድረስ የኢንተርኔት ስልክ ደንበኛ መብት የሚባል ነገር ሊታሰብ አልቻለም። ዛሬ ግን ትምህርቱ ይጠቅመናል። መብቱ ከሽቦው ወይም ከማማው ዓይነት ጋር መታሰር የለበትም፤ የሚከተለው ቁጥሩን ነው።

ስለ ዕዳ አገሮች በሁለት መንገድ ሄደዋል። በአሜሪካ ደንበኛው ያልተከፈለ ሒሳብ ቢኖርበትም እንኳ የቀድሞው ድርጅት ቁጥሩን መያዝ አይችልም፤ ዕዳውን ግን በሌላ መንገድ ይጠይቃል። በህንድ በአንጻሩ፣ ኋላ የሚከፈል ሒሳብ ቀኑ አልፎ ሳይከፈል ከቀረ ጥያቄውን ውድቅ ማድረግ ይቻላል። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ዕዳ ዕዳ ነው፤ ለማስከፈልም ውልና ፍርድ ቤት አለ። ሲም ካርዱ በስሙ ስለተመዘገበ ባለዕዳው አይጠፋም። በመቶ ብር ብድር ምክንያት የአንድን ሰው መተዳደሪያ ማገት መያዣው ከዕዳው እጅግ እንዲበልጥ ማድረግ ነው።

አንድ ምክንያት ግን ሙሉ ክብደት ሊሰጠው ይገባል፤ እርሱም የማንነት ማረጋገጥ ነው። ቁጥር የገንዘብ ቁልፍ በሆነበት ዘመን ሌባ የሌላውን ቁጥር አሻግሮ ሒሳቡን ሊያራቁት ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያው መኖር አለበት፤ የሚያጣራው ግን ደንበኛውን ለማስቀረት ጥቅም ያለው ድርጅት ብቻ መሆን የለበትም። በህንድ ደንበኛው በአጭር መልእክት ጠይቆ የምስጢር ኮድ ይቀበልና ያንን ለአዲሱ ድርጅት ይሰጣል። ሁሉም ድርጅቶች የሚያዩት አንድ የጋራ መዝገብ «ይህ ቁጥር አሁን የሚገኘው ከእገሌ ዘንድ ነው» ብሎ ጥሪውን ይመራል። ደንበኛው ከቀድሞው ድርጅት ጋር ደጅ አይጠናም።

ከኬንያ የምንማረው

የጎረቤታችን የኬንያ ልምድ ደግሞ ያስጠነቅቀናል። በዚያ አገልግሎቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ቢጀመርም የተሻገረው ሕዝብ ጥቂት ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ በስልክ የሚንቀሳቀሰው የገንዘብ አገልግሎት ከቁጥሩ ጋር አለመሻገሩ ነው፤ ቁጥሩን ይዞ የወጣ ሰው የገንዘብ ሒሳቡን ትቶ ይሄዳል። እዚያ ብዙውን ደንበኛ ይዞ የነበረው ሳፋሪኮም ነው፤ እዚህ ደግሞ ሳፋሪኮም አዲስ ገቢ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ባለብዙ ደንበኛ ሆነው ተገናኙ። ከዚህ የምንገነዘበው በሩን የመዝጋት ፈተና የአንድ ድርጅት ጠባይ ሳይሆን ብዙ ደንበኛ የያዘ ማንኛውም ድርጅት የሚያጋጥመው መሆኑን ነው። ስለዚህም ደንቡ በድርጅቶች በጎ ፈቃድ ላይ ሊመሠረት አይገባም። መብቱ በወረቀት ሰፍሮ ገንዘቡ ግን ወደ ኋላ ከቀረ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆናል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተነገረው በመነሳት፣ ማንኛውም ቁጥር የማሻገር ሥርዐት የሚመዘንባቸው አምስት ነጥቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለሚቀበለው ድርጅት ይሁን። ሁለተኛ፣ እንቢ የሚባልባቸው ምክንያቶች በዝርዝር ተጽፈው ከዚያ ውጭ ሌላ እንዳይጨመር ይከልከል፤ እንቢታውም በጽሑፍና ደንበኛው በሚያውቀው ቋንቋ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ ያሳለፈውም ድርጅት ለደንበኛው ካሣ ይክፈል። አራተኛ፣ በስልክ ሒሳቡ ያለው ገንዘብ ሳይጉላላ ለባለቤቱ የሚመለስበት ወይም የሚዛወርበት መንገድ አብሮ ይታሰብ። አምስተኛ፣ አቤቱታ ለማቅረብ የባሌ ሰው አዲስ አበባ ድረስ እንዲመላለስ የማይገደድበት መንገድ ይዘጋጅ።

ይህን ሁሉ የማድረጉ ኃላፊነት የባለሥልጣኑ ቢሆንም እኛም ድርሻ አለን። በየከተማችን የሚፈረሙትን የአገልግሎት ውሎች አንብበን ለደንበኛው ማስረዳት፣ ረቂቅ መመሪያ ለውይይት ሲቀርብም የስንዴ ነጋዴውን፣ የታካሚውንና የተራራ መሪውን ጉዳይ ይዘን መቅረብ እንችላለን። እነርሱ ረቂቁን ላያነቡት ይችላሉ፤ ቁጥራቸውን ያጡ ቀን ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በእነርሱ ላይ ነው።