የቆሰለው ዓሣ ለምን ተለየ?



በአንድ ወዳጄ ሳሎን ውስጥ ልዩ ልዩ ዓሦች አብረው የሚኖሩበት የመስታወት ገንዳ አለ። አንድ ቀን ልጠይቀው ስሄድ አንዱ ዓሣ ክንፉ ተቀዶ ጥግ ይዟል። ሌሎቹ እየመጡ ቁስሉን ይነክሱታል። ወዳጄ ቀስ ብሎ አወጣውና ሌላ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ለብቻው አደረገው።

“ልትጥለው ነው እንዴ?” አልሁት።

“ኧረ! እንዲድን ነው እንጂ።”

ሙቀቱ ከበፊቱ ጋር እኩል የሆነ ውኃና መሸሸጊያ አዘጋጀለት። በየቀኑ ከውኃው ጥቂቱን ይቀይርለታል፤ ሁሉንም በአንዴ ቢለውጠው ዓሣው ይጎዳልና። ትልቁን ገንዳም መረመረ። ከተረፈ ምግብና ከዓሦቹ ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ውኃው ጥርት ብሎ እየታየ እንኳ ያሳምማል።

ወገኖቼ፣ ገላትያ 6፥1 የወደቀውን በየዋህነት እንድናቀና ያዘናል። እኛ ግን ስንቴ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ “እንጸልይለት እኮ ብዬ ነው” እያልን ቁስሉን ነከስን? ውኃችን የጠራ ይመስላል፤ መርዙ ግን አለበት።

እኔም ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንድ ዘማሪ ወንድም ከአገልግሎት እንዲታገድ ስንወስን ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርሁ። ውሳኔው ትክክል ነበር። ግን አንድም ቀን በሩን አላንኳኳሁም። መለየቱን ፈጸምን፣ ማከሙን ረሳን። አንድ እሁድ መጣ፤ ከኋላ ተቀመጠ፤ ማንም ሳያናግረው ወጣ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

የወዳጄ ዓሣ ግን ዳነ። ሲመልሰው መብራቱን አጠፋ፤ በገንዳው ውስጥ ያሉትን ድንጋዮችም ከቦታቸው አዛወረ። ለምን? ነባሮቹ እያንዳንዳቸው የያዙት ስፍራ አላቸው፤ ተመላሹን እንደ ባዕድ ያባርሩታል። ድንጋዩ ሲዛወር ግን ስፍራው ለሁሉም አዲስ ይሆናል።

ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 2፥7-8 የሚለምነን ይህንኑ ነው፤ የተቀጣው ሰው ተስፋ ቆርጦ እንዳይቀር፣ ፍቅራችንን በተግባር እንድናሳየው።

አንተ ለብቻህ የቀረህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ጌታ አልጣላችሁም። ጴጥሮስን ከካደው በኋላ ፈልጎ ያገኘው እርሱ ነው።

አንተ ደግሞ በገንዳው ውስጥ ያለኸው፣ ለተመላሹ የትኛውን ድንጋይ ታነሣለህ? አሁን ስሙ ትዝ ያለህ ሰው ካለ፣ ሳትተኛ ደውልለት። እኔም የዚያን ወንድም ስልክ አፈላልጌ አግኝቻለሁ። ከዚህ ስቱዲዮ እንደ ወጣሁ እደውልለታለሁ። ጸልዩልኝ።

ጌታ ይባርካችሁ።